ፎቶ አንሺ ወይስ ቪዲዮ ቀራጭ? ለሠርግ ኮሚቴዎች የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በአዲስ አበባ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከበሬው፣ ከጠጁና ከአዳራሹ በፊት የሚያሰናዳው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ቁጥራቸው በየስብሰባው የሚጨምር፣ በመዋጮው ቀን ግን የሚቀንስ አባላትም ይኖሩታል። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ስለ ሥጋው ብዛት በአንድ ምሽት ይስማማል፤ ስለ ዲኮሩ ቀለም በሁለት ምሽት። የማይስማማበት አጀንዳ አንድ ነው፤ የተረፈው ብር ለአንድ ሰው ብቻ ሲበቃ የሚቀጠረው ፎቶ አንሺ ይሁን ወይስ ቪዲዮ ቀራጭ የሚለው። ወጣቶቹ ለፎቶ ይሰለፋሉ፤ እናቶች ለቪዲዮ። ሙሽራው ሐሳቡን ሲጠየቅ፣ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚፈቀድለት ያወቀው ገና አሁን በመሆኑ ጊዜ እንዲሰጠው ይለምናል።

በአገራችን አንድ ነገር ሲከብድ «ይጠና» ይባላል። ይህም ተጠንቷል። የጥናቱ ወሰን የከተማ ሠርግ ነው። ሁለቱንም ያለ ጭንቀት የሚቀጥሩ ቤተሰቦች አልተካተቱም፤ እነሱን የሚያስጨንቃቸው የመኪና ማቆሚያ እንጂ ካሜራ አይደለም።

ክለሳ ድርሳናት

በጉዳዩ ላይ በብዛት ተጽፎ የሚገኘው የፎቶ ቤቶች ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያዎቹ በአንድ ቃል ሁለቱንም ቅጠሩ ስለሚሉ ገለልተኛ ምንጭ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ ወደ ታሪክ መሄድ ግድ ሆኗል።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የበኩር ልጃቸውን የዳሩት በጃንዋሪ 1858 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1850 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ዕለት ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ንግሥቲቱ፣ ባለቤታቸውና ሙሽሪት ፎቶ አንሺ ፊት ቆሙ። የዘመኑ ካሜራ ተነሺው ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ያስገድድ ነበር። አባትና ልጅ ፀጥ ብለው ቆሙ፤ የሙሽሪት እናት ግን ተንቀጠቀጡ፤ መልካቸውም ደብዝዞ ወጣ። ምክንያቱ መንቀጥቀጣቸው እንደነበር ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈውታል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። ጥርን ለሠርግ የመረጥነው እኛ ብቻ አይደለንም። የሙሽሪት እናት ከፎቶ ጋር አለመስማማታቸውም የቆየ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ የሚያነሣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወረሱ፤ ቶኒም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆነ። ካሜራ የቤተ መንግሥት ዕቃ በነበረበት ዘመን ተራው ሙሽራ በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አላጣም። ኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ራሳቸው ወደዚያ ይሄዱ ጀመር። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው እጁን ትከሻ ላይ ጥሎ ይቆማል፤ ከጀርባቸው በቀለም የተሳለ ሐይቅ ወይም ደረጃ አለ። ፈገግታ አልተለመደም። ትዳሩ ወዴት እንደሚያመራ ገና ስላልታወቀ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር።

ቪዲዮ የመጣው በካሴት ነው። ቪኤችኤስ የተባለው ካሴት ጃፓን ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ፤ ዓመታት ቆይቶ እኛ ሠርግ ገባ። ከካሴቶቹ ሁሉ የታወቀው ኢ-180 ሲሆን የሚይዘው 180 ደቂቃ ነው። የአንድ ትውልድ ሠርግ በሙሉ 3 ሰዓት ብቻ የፈጀ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሴቱ የሚያልቀው ደግሞ ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሡ ነበር፤ የመኪናው ሰልፍና የቡፌው ሰልፍ አብዛኛውን ቀድመው ስለሚወስዱት። የቀረው ደቂቃ ለጥበብ ይውላል፤ ሙሽሪት ከጽጌረዳ አበባ ውስጥ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ሙሽራው በልብ ቅርጽ ውስጥ ይገባና ይጠፋል።

ካሴቱ ባሕር ሲሻገር ሌላ መዘዝ ነበረው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይሠራ የነበረው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ በሚባለው። ዋሽንግተን ያለች አክስት ከአዲስ አበባ የተላከላትን ካሴት ስታስገባ የምታየው የሚንከባለል መስመር ነበር። ሥርዓቱን የሚቀይር ሱቅ እስኪገኝ ድረስ ስንት የእኅት ልጅ በመስመር መልክ ተዳረች! አክስትየዋ ግን ስልክ ደውላ «በጣም ያምር ነበር» ብላለች።

ስሌት

ኮሚቴ ቁጥር ስለሚወድ ቁጥር እንስጠው። አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ሲነሣ የካሜራው መጋረጃ የሚከፈተው ለሰከንድ 125ኛ ያህል ነው እንበል። አልበሙ 300 ፎቶ ቢይዝ፣ 300 ለ125 ሲካፈል 2.4 ይመጣል። እንግዲህ ፎቶ አንሺ የቀጠረ ኮሚቴ የገዛው የሠርጉን 2.4 ሰከንድ ነው። ቀሪው ጊዜ በማስረጃ አልተደገፈም።

ቪዲዮ በፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ይይዛል። የ4 ሰዓት ቪዲዮ 360,000 ምስል ይሆናል ማለት ነው። የሁለቱ ባለሙያዎች ዋጋ እኩል ከሆነ ቪዲዮ በምስል ሲታሰብ 1,200 ጊዜ ይረክሳል። ገንዘብ ያዦች ይህን ስሌት ሲያዩ ወዲያው ለቪዲዮ ድምፅ ይሰጣሉ። ነገር ግን እያንዳንዱን ምስል ለአንድ ሰከንድ ብቻ እንይ ብንል 100 ሰዓት ይፈጃል፤ 4 ቀን ከ4 ሰዓት። ሙሽሮቹ ደግሞ ሰኞ ሥራ መግባት አለባቸው። ከ360,000ው ውስጥ አጎት አፋቸውን ዘግተው የሚታዩበትን ምስል ለመፈለግ ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

የእስክስታ ፈተና

ስሌት የማይደርስበት ቦታ አለ፤ የጭፈራው መሀል። የትከሻው ጌታ የተባለ እስክስታ ወራጅ በሰከንድ 125ኛ ሲያዝ መርፌ የተወጋ ሰው ሆኖ ይወጣል። ጉራጊኛ የሚጨፍረው ፎቶ ላይ ታክሲ አምልጦታል። እልልታ ደግሞ በፎቶ ድምፅ የሌለው ጩኸት ስለሆነ፣ የአክስቶችን ረድፍ ያየ የውጭ አገር ሰው አዳራሹ ውስጥ አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። በዚህ ፈተና ቪዲዮ ያለ ክርክር ያልፋል።

ቪዲዮ የሚወድቀው ማዕድ ላይ ነው። ፎቶ አንሺ ጉርሻን የሚይዘው እጅ ወደ አፍ ሲጠጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለአድራጊዎቹ ይተዋል። ቪዲዮ ቀራጭ ግን ቀጥሎ የሚሆነውንም ያሳያል። ማኘክ ረጅም ሥራ ነው፤ ቁርጥ ሲሆን ይረዝማል። በካሴቱ ዘመን ካሜራው ከመድረሱ በፊት መብራት ያዡ ይደርስ ነበር፤ ጠረጴዛው በድንገት ቀን ይሆናል፤ ዓይን ይጨፈናል፤ ጣት በአዋዜ እንደተነከረ ይቀራል። መሥሪያ ቤት ሲገባ ሠራተኛ ብድግ የሚልለት ሰው በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ቅልጥም እንደያዘ ለዘላለም ይኖራል።

ከመብራቱ ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ይመጣል። «ለሙሽሮቹ መልካም ምኞትዎን ይግለጹ።» እንግዳው የጎረሰውን ይውጣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ ይላል። አጠገቡ ያለችውም እንደ አብርሃምና ሣራ። ቀጥሎ ያሉት አባትም የተለየ ነገር አላቸው ተብሎ ተጠብቆ እንደ አብርሃምና ሣራ። ማይክሮፎኑ አዳራሹን ዞሮ ሲጨርስ ከሙሽሮቹ ስም ይልቅ የሁለቱ ስም ይበዛል። አብርሃም 100፣ ሣራ 90 ዓመት ሲሞላቸው ልጅ ማግኘታቸውን ያስታወሰ መራቂ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሥልጣን ጥያቄ

በሠርግ ዕለት የበላይ አዛዡ ማነው? የሙሽሪት አባት አይደሉም፤ አንደኛ ሚዜውም አይደለም። በዚያ ቀን ለአባት «አንገትዎን ቀና»፣ ለሽማግሌ «ጠጋ ጠጋ በሉ»፣ ለአማት «ነጠላውን ዝቅ» ማለት የሚችለው ካሜራ የያዘው ልጅ ብቻ ነው። ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከሙሽራው ያንሳል። ማንም አይቆጣውም።

ሥልጣኑ እስከ ምን እንደሚደርስ ለማየት የጉልበት ሳሙን ሰዓት መመልከት ይበቃል። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ጎንበስ ብላ የእናትና የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ እናት ያለቅሳሉ፤ አባት ወደ ጣሪያው ያያሉ። በዚህ መሀል ከበሩ በኩል «አልተያዘም፣ አንዴ ይደገም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይደገማል። የሙሽሪት እናት ሁለተኛውን እንባ ከመጀመሪያው ሳያሳንሱ ያቀርባሉ። ይህን ያየ ሰው ለትያትር ቤቶቻችን ተዋናይ ጠፋ ሲባል ሊያምን አይችልም።

ሥልጣኑ የሚቆመው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። ተክሊል በሚፈጸምበት ጠዋት ካሜራ የያዘው እንደ ማንኛውም ምእመን ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ካህናቱም «አልተያዘም» ስለተባለ ጸሎት አይደግሙም። በእስልምና ሠርግ ሴቶች ለብቻቸው በሚታደሙበት አዳራሽ ወንድ ቀራጭ ስለማይገባ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሴት ባለሙያ ከየት ትገኛለች የሚለው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ የሴቶች ሠርግ አዳራሾች ከዚህም አልፎ የእንግዶች ስልክ በር ላይ የሚሰበሰብበት ጊዜ አለ። ይህ ጥናት አሠራሩን ለአዲስ አበባም ያስባል፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ከጸሎቱ እስከ አዳራሹ ያለው ሰዓት ግን ያለ ተቀናቃኝ የካሜራው ግዛት ነው። በፊት ሙሽራ የሚጎርፈው ወደ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ነበር፤ አሁን ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ተጨምረዋል። በጥር ቅዳሜ አንድ ጥሩ ዛፍ ሥር ለመቆም ወረፋ ይያዛል። በአንዱ ሙሽራ አልበም ዳር የሌላው ሙሽራ ሚዜ እጁን ኪሱ ከትቶ ይታያል። አዳራሽ ያለው እንግዳ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሙሽሮች ሳይገቡ ቡፌ እንደማይነሣ ነው። ለስላሳውን ሁለቴ ጠጥቷል፤ የምግቡን ሽታ ለይቷል፤ ከዲጄው ጋር ተቀያይሟል።

እንግዳን በማስራብ ረገድ ሁለቱ ባለሙያዎች እኩል አይደሉም። ፎቶ አንሺ አንድ ዛፍ ይበቃዋል። ቪዲዮ ቀራጭ ከዛፉ ወደ ዛፉ መሮጥ ይፈልጋል፤ ሙሽሮቹ ሲሮጡ ደግሞ «ቀስ ብላችሁ ሩጡ» ይላል። ቀስ ብሎ መሮጥ በቬሎና በአዲስ ጫማ ምን ያህል እንደሚፈጅ አዳራሽ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ያውቀዋል። ሁለቱም ከተቀጠሩ ችግሩ መልኩን ይቀይራል፤ አንዱ «ወደዚህ»፣ ሌላው «ወደኔ» ሲሉ የሙሽሪት አንገት መሀል ላይ ይቀራል፤ በሁለቱም ሥራ ውስጥ ሌላ ሰው የምታይ ትመስላለች።

ፓኬጅ ስለሚባለው ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ተብሎ ይከፈላል፤ በሲልቨርና በጎልድ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ እንግዶች የሚፈርሙበት ትልቅ ፎቶ ነው። ክሬን ካሜራ ከተጨመረ ከላይ ሆኖ የአባቶችን መላጣ በቅደም ተከተል ይቀርጻል። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ስለማይበር፣ በውሉ ላይ ድሮን ያየ ኮሚቴ ከዋጋው በፊት ፈቃዱን ይጠይቅ።

የሕግ ጎን

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲሆን ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል። አልበም የሚል አንቀጽ የለም፤ ትሬለር የሚልም የለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም ቬሎ አይጠይቅም።

ማስረጃ የሚጠየቀው ከሙሽሮቹ አንዱ አሜሪካ ሲኖር ነው። የትዳር ጓደኛ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ለኤምባሲው ማሳየት አለበት፤ የሠርግ ፎቶ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ነው። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው የ4 ሰዓት ቪዲዮ አያይም። የሚያየው ፎቶ ነው፤ ከፎቶውም ሙሽሮቹን ሳይሆን ከኋላ የቆሙትን ዘመዶች። የተኮሳተረ አጎት ለቪዛ ከፈገግተኛ ሚዜ ይሻላል፤ እንደዚያ ያለ ፊት በገንዘብ ተከራይቶ አይመጣም። በዚህ ነጥብ ፎቶ ያሸንፋል።

ተጠቃሚው ማነው?

ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ውይይቱ ሁሉ ባለ ጉዳዮቹ ሙሽሮቹ እንደሆኑ አድርጎ ይጀምራል። ሙሽሮቹ ግን ምስሉን የሚፈልጉት ለሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ የቤት ኪራይ ይመጣል። ሰነዱን ዕድሜ ልኩን የሚጠቀምበት ሌላ ሰው ነው።

አልበም የእንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው ገና ሊቆላ ነው፤ ወሬ ደግሞ ወዲያው አይሟሟቅም። አልበሙ ከቡፌው ውስጥ ይወጣና ጭኑ ላይ ይቀመጣል። አንድ መደበኛ አልበም ከቡናው መቆላት እስከ አቦል ያደርሳል፤ ገጾቹ ወፍራም የሆኑት ምናልባት ለዚህ ይሆናል። እንግዳው ገጽ በገለጠ ቁጥር «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ይላል፤ ይነገረዋል፤ ይረሳል፤ በሚቀጥለው ገጽ እንደገና ይጠይቃል። ቪዲዮ ይህን አገልግሎት መስጠት አይችልም። መብራት ይፈልጋል፤ ሪሞት ይፈልጋል፤ ሪሞቱን የደበቀውን ልጅ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ በእግር ኳስ ተይዟል።

አልበም ሌላም ሥራ አለው፤ ስለሱ ኮሚቴ ላይ አይነሣም። ሰው ሲያርፍ ለለቅሶው ድንኳን የሚሆነው ትልቅ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከሠርግ ፎቶ ነው። ሰውዬው ሱፍ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ካሜራ እያየ የቆመው ያን ቀን ብቻ ነውና። በፍሬሙ ዳር የማይታወቅ ሰው ትከሻ ከታየ የተቆረጠው ከሠርግ መሆኑን ዕወቁ።

ቪዲዮው የሙሽሪት እናት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ በልቡ የያዘልኝን ያውጣው። እናት ቪዲዮ የሚያዩት ሙሽሮቹን ሊያዩ አይደለም፤ ሙሽሪትን ያሳደጓት ራሳቸው ናቸው። የሚያዩት መዝገብ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን ለብሶ መጣ፣ ማን ኬክ ሳይቆረስ ተነሥቶ ወጣ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ሚስት ከማን ጋር ተቀመጡ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ሰላም የማይባባሉት ሁለት ጎረቤቶች ያኔ በአንድ ሳህን በልተው ነበር ወይ? ፎቶ ይህን መመለስ አይችልም፤ ፎቶ ላይ የሌለ ሰው «ሽንት ቤት ሄጄ ነው» ይላል። የአዳራሹን በር አስፍቶ ከያዘ ካሜራ ግን ማምለጫ የለም። የቀራጩ ችሎታ በእናቶች ዘንድ የሚለካው በሥዕሉ ውበት ሳይሆን በሩ ላይ በቆመበት ሰዓት ርዝመት ነው። ጉዳዩ በሌላው ወገንም ያው ነው፤ እንግዳው ቪዲዮውን የሚያየው ራሱን ፍለጋ ነው። ራሱን ካላገኘ «ለካ አልተቆጠርኩም» ብሎ በመልሱ ቀን የጀመረውን ኩርፊያ እስከ ክርስትናው ያደርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ ቀልድ መሳይ እውነት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለቪዲዮ ያለ ማንገራገር እሰጠዋለሁ፤ ድምፅ። የሽማግሌ ምርቃት በፎቶ የሚታየው እንደ ተዘረጋ እጅ ነው። ምን እንዳሉ፣ «አሜን» ሲባል አዳራሹ እንዴት እንደመለሰ፣ አያት መሀል ላይ ቃሉ ጠፍቷቸው ማን እንደሞላላቸው ፎቶ አያውቅም። እነዚያ ሰዎች ሲያልፉ ቤተሰቡ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ካሴቱም ያለቀው እዚያ ላይ ነበር።

አያያዝና ርክክብ

የፎቶ ዕድሜ ከግድግዳው ጋር ነው። የቪዲዮ ዕድሜ ከማጫወቻው ጋር ነው። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ በብዙ ቤት የወላጆች ሠርግ ዛሬ ቡፌው ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን ነው። ሠርጉ መኖሩ ይታመናል። ካሴቱን የተካው ሲዲም ማጫወቻው ከቤት ወጥቷል፤ ፍላሹም ያለው ዘፈን ሊገለብጥበት የወሰደው ልጅ ዘንድ ነው።

ርክክብን በተመለከተ ሁለቱም ባለሙያዎች የሚሰጡት መልስ «ኤዲቲንግ ላይ ነው» የሚል ነው። ጥር ላይ ሠርጉ ያልቃል፤ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ሠርግ የለም፤ ያኔ ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል። ፋሲካ ያልፍና የሚያዝያ ሠርገኞች ይመጣሉ፤ የጥሮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። በተግባር የታወቀው የመጨረሻ ቀን የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ነው፤ ሌላ ቀረጻ ስለሚኖር አሮጌው ሒሳብ መዘጋት አለበት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ሴት ልጅ የወለዱ ሙሽሮች ሳያውቁት ለቀራጩ የ40 ቀን ተጨማሪ ጊዜ ሰጥተውታል።

ልዩነቱ ፎቶ ተቆርሶ መምጣቱ ነው፤ ሦስቱ ዛሬ በቴሌግራም፣ ጥቂቱ በሳምንቱ። ቪዲዮ ተቆርሶ ሲመጣ ትሬለር ይባላል፤ ትሬለሩም ያለፈውን ሠርግ ገና እንደሚመጣ አድርጎ ያስተዋውቃል።

ስልክ የያዘው ሕዝብ

ጥናቱ ሲጀመር ያልታሰበ ሦስተኛ ኃይል ተገኝቷል። ሙሽሮች ወደ አዳራሽ ሲገቡ እንግዳው ሁሉ ብድግ ብሎ ስልኩን ያወጣል። ከአሜሪካ የመጣችው አክስት አይፓዷን በሁለት እጇ ከፍ ታደርጋለች፤ ከኋላዋ ያለው ጠረጴዛ ሠርጉን የሚያየው በእሷ አይፓድ ነው። የሚዜ እኅት ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ታስተላልፋለች፤ ደሴ ያሉ አያት ከአዳራሹ እንግዳ ቀድመው ሙሽሪትን ያያሉ። በብር የተቀጠረው ባለሙያ የሚያገኘው የስልክ ጀርባ ነው። የባሕረ ሰላጤው አሠራር ለአዲስ አበባም ይታሰብ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግን ለኮሚቴው ሒሳብ ጠቃሚ ነው። ቪዲዮ በሠርግ ቀን በነጻ የሚገኝ ሸቀጥ ሆኗል፤ ጥራቱ አይነሣ እንጂ ብዛቱ ሞልቷል። ስልክ ላይ የተነሣ ፎቶ ግን ብዙም አይታጠብም፤ ጭን ላይ የሚቀመጥ አልበም አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

የጥናቱ ውስንነት

የሙሽራው እናት አስተያየት አልተካተተም። ቪዲዮው የሚጀምረው ከየትኛው ቤት እንደሆነ ሳይወሰን አልናገርም ብለዋል።

የይሁንታ ሐሳብ

ብሩ ለአንድ ሰው ብቻ ከበቃ ፎቶ አንሺ ይቀጠር። ቬሎ ከመመረጡ በፊት፣ መስከረም ላይ ተነጋገሩበት፤ ጥር ሲገባ ጥሩው ሰው ተይዟል፤ ያልተያዘውም ያልተያዘበት ምክንያት አለው። ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት የአንድ ሙሉ ሠርግ አልበም ያሳያችሁ፤ ማስታወቂያው ላይ ያሉት ሃያ ፎቶዎች ከሃያ ሠርግ የተለቀሙ ናቸው። የማስረከቢያው ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ግማሹ ክፍያ አልበሙ እስኪመጣ እናንተ ዘንድ ይቆይ። የመናፈሻው ሰዓት በግልጽ ይወሰን፤ አንድ ዛፍ ይበቃል።

ለምርቃቱ እጁ የማይንቀጠቀጥ አንድ የእኅት ልጅ ተመርጦ ስልኩን በአግድም ይዞ ከሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እስኪጨርሱ እንዳይነሣ፣ ቢደወልለትም እንዳያነሣ ይነገረው። ዲጄው በዚያ ሰዓት ዝም ይበል።

ይህን ሁሉ ተወያይታችሁ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የሙሽሪት እናት ለቪዲዮ ቀራጭ ቀብድ ከፍለው እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። ከፍለው ከሆነ አጀንዳው ተዘግቷል፤ ለፎቶ አንሺው የሚሆነውን ብር ከዲኮሩ ላይ ቀንሱ።